ምስስል ሲሊንደሮች ምንድን ናቸው? የገጽታ ስፋታቸውስ እንዴት ይገኛል?

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ስትሄዱ ቡና የሚሰፈርበትን ጣሳ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። መቀመጫው ክብ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ። ሲሊንደር ማለት ይኸው ነው። አጠገቡ ሌላ ትልቅ ጣሳ አለ እንበል። ሬዲየሱ (ከክቡ መሃል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት) የትንሹ እጥፍ፣ ቁመቱም እጥፍ ከሆነ ሁለቱ ምስስል ናቸው፤ ሬዲየሱም ቁመቱም በእኩል እጥፍ አድገዋልና። ቁመቱ ብቻ ጨምሮ ሬዲየሱ እንደነበረ ከቀረ ግን ምስስል አይባሉም።

ታዲያ ትልቁን ለመሥራት ስንት እጥፍ ቆርቆሮ ያስፈልጋል? ብዙ ተማሪ ቶሎ ብሎ «ሁለት» ይላል። መልሱ አራት ነው። ይህን በቃል ከመያዝ በዓይን ማየት ይሻላል።

የሳልሳ ጣሳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ላጡት። ሲዘረጋ አራት ማዕዘን ነው። ርዝመቱ የጣሳው ዙሪያ፣ ወርዱ የጣሳው ቁመት። በትልቁ ጣሳ ላይ ርዝመቱም ወርዱም እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ትልቁን ወረቀት ለመሸፈን ትንንሾቹን ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች መደርደር አለባችሁ። አራት! ክቦቹም እንደዚያው ናቸው፤ ስፋታቸው የሚገኘው ሬዲየስን በራሱ አባዝተን ነውና።

በቁጥር እንየው። የገጽታ ስፋት ቀመሩ 2 × ፓይ × ሬዲየስ × (ሬዲየስ + ቁመት) ነው። ፓይን 3.14 እንበል። ትንሹ ሬዲየሱ 5፣ ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 533.8 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ትልቁ፣ በ10 እና በ24፣ 2135.2። አካፍሉት፤ ልክ 4 ነው። የሚይዘው ቡና ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል፤ እሱ በሦስት አቅጣጫ ስለሚያድግ።

ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የሁለት ምስስል ሲሊንደሮች ቁመትና የአንዱ የገጽታ ስፋት ብቻ ነው። አትደናገጡ። ቁመታቸው 12 እና 18 ከሆነ 18ን ለ12 አካፍሉ፤ 1.5። በራሱ አባዙት፤ 2.25። ከዚያ 533.8 × 2.25 = 1201.05። የትልቁን ሬዲየስ መፈለግ አያስፈልግም። ስፋቱ 9 እጥፍ ነው ከተባላችሁ ደግሞ ቁመቱ 9 ሳይሆን 3 እጥፍ ነው።

የገበያው ጣሳ እኮ ክዳን የለውም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አንዱን ክብ ቀንሱ። ትንሹ 455.3፣ ትልቁ 1821.2 ይሆናል። አሁንም አራት እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው አራት እጥፍ አድጓልና።