ደረሳ ምንድን ነው? እስልምናን ማጥናት ለሚጀምር ክርስቲያን ተማሪ

ወሎ ያደገ ክርስቲያን እስልምናን የሚያውቀው ከመጽሐፍ በፊት ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ዱዓውን ሰምቶ «አሚን» ብሏል፤ የመውሊድ እንግዳ በደጁ ሲያልፍ አይቷል፤ ከአጎቶቹ አንዱ ሙስሊም ቢሆንም ማንንም አይገርምም። ጉርብትና ግን ትምህርት አይደለም። ትምህርቱን በአንድ ቃል ጀምር ብባል ደረሳን እመርጣለሁ።

ደረሳ ዒልም (የሃይማኖት ዕውቀት) ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ ሼህ ዘንድ ተቀምጦ የሚቀራ ተማሪ ነው። (ቁርኣንና ኪታብ፣ ማለትም የሃይማኖት መጽሐፍ፣ «ይቀራል» እንጂ እንዲሁ «ይነበባል» አይባልም፤ ይህን ቃል ልመዱት።) ስሙ የመጣው «ደረሰ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ ነው፤ ትርጉሙም «አጠና» ማለት ነው፤ መድረሳም ከዚያው ወጥቷል። ግዕዝ የቀመሰ ዲያቆን እዚህ ላይ ጆሮውን ያቁም፦ ድርሳነ ሚካኤል ስንል ያለው «ድርሳን» ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

ዝምድናው በቃል ብቻ አያበቃም። የቆሎ ተማሪን የሚያውቅ ሰው ደረሳን በግማሽ ያውቀዋል። እሱም አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ የአካባቢው ሰው ባካፈለው ይኖራል፣ ለሼሁ ይታዘዛል። ትምህርቱም ደረጃ አለው። በሎህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ፣ ፊደሉንና ቁርኣኑን ይጀምራል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ፊቅህ፣ ማለትም የሃይማኖቱ ሕግ፣ ይከተላል፤ ውዱእ (ከሶላት በፊት መታጠብ)፣ ሶላት፣ ዘካ (ምጽዋት)፣ ኒካሕ (ጋብቻ) እንዴት እንደሚፈጸሙ የሚማርበት ነው። ወሎ ውስጥ የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ይቀራል። ነህውና ሰርፍ፣ ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ግሥ የሚያወርድ ልጅ የሚያየውን ፍዳ ያሳዩታል። ተፍሲር፣ ማለትም የቁርኣን ትርጓሜ፣ ደግሞ ከላይ ነው፤ የእኛን መጻሕፍት ቤት አስቡ። መምህሩ ግዕዙን አንብቦ አንድምታውን በአማርኛ እንደሚያወርድ፣ ሼሁም ዐረብኛውን አንብበው በአማርኛ ይፈቱታል። አማርኛው በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ዓጀም ይባላል፤ በዚህ መንገድ የተጻፈ የወሎ መንዙማ (መንፈሳዊ ዜማ) ብዙ ነው። አማርኛ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ብቻ የሚመስለው ተማሪ ካለ ከዚህ ይጀምር።

ቅኔ ፈላጊ ዋድላ እንደሚወርድ ሁሉ ደረሳም በስም የሚጠራቸው ቦታዎች አሉት፦ ዳና፣ ገታ፣ ጀማ ንጉሥ፣ ሾንኬ። ጀማ ንጉሥን ያቀኑት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። እንዲህ ያሉት ስፍራዎች የዒልም ብቻ ሳይሆኑ የዚያራም (የመንፈሳዊ ጉብኝት) ቦታ ናቸው፤ ሕዝቡ ለመውሊድ የሚጎርፈውም ወደነዚህ ነው።

ንጽጽሩ የሚያሳስትበት ቦታ ግን አለ፤ ጀማሪም የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። ሼህ ቄስ አይደሉም። እስልምና ውስጥ እጅ ተጭኖ የሚሰጥ ክህነት የለም። ደረሳው ሲጨርስ የሚያገኘው ኢጃዛ ነው፦ ይህን ኪታብ እኔ ዘንድ ቀርቷልና (ተምሯልና) ያስቀራ (ያስተምር) የሚል የመምህር ፈቃድ። መምህሩም ከመምህራቸው፣ እሳቸውም ከመምህራቸው ተቀብለዋል፤ ሰንሰለቱ ሰነድ ይባላል። ቁርኣንንም ከወንጌል ጎን አስቀምጦ «የእነሱ መጽሐፍ ቅዱስ» ማለት ብዙ ያሳስታል። ለሙስሊም ቁርኣን ራሱ የአላህ ቃል ነው። እኛ «ቃል ሥጋ ሆነ» ስንል ቃል የምንለው ክርስቶስን ነውና፣ የቁርኣን ክብር ከመጽሐፋችን ይልቅ ወደዚያ ይቀርባል። ደረሳው ትርጉሙ ሳይገባው ዓመታት በቃል የሚይዘው ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ያን ጊዜ ነው።

አንድ የታሪክ ነገር ልጨምር። ከደሴ አጠገብ ያለችው ቦሩ ሜዳ ለክርስቲያን ተማሪ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ፊት ስለ ክርስቶስ የተነሣው የጸጋና የተዋሕዶ ክርክር የተቆረጠባት ሜዳ ናት። በዚያው ጉባኤ ሰሞን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። እኛ የምናነበው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ ደረሳው ሲሰማ ያደገው ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ ሼህ ስታገኙ በሥላሴ ክርክር አትጀምሩ። «ማን ዘንድ ቀሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመምህራቸውን ስም፣ ቀጥሎ የመምህራቸውን መምህር ይነግሯችኋል፤ ደብተር ያዙ፣ ረጅም ነው።