የጓሮ ዶሮ፦ እንቁላል ማስታቀፍና መንጋውን ማስማማት በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ግቢ ያለው ቤት ጥቂት ዶሮ አያጣም። አንዱ ለልጆቹ እንቁላል ብሎ ያረባል፣ ሌላው ለበዓል ገበያ አስቦ። በህዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ከተማው ውስጥም የጓሮ ዶሮ ይበረታታል። ብዙ ሰው የሚጀምረው የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ማስፈልፈል ግን የቆየ ሙያ ነው፣ ዛሬም ያዋጣል።

የሀበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ ግን በጥሩ አያያዝ ወደ 300 ትጠጋለች። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት መታቀፍ ነው። የሀበሻዋ አሥራ ምናምን እንቁላል ስትጥል ታቆምና ትታቀፋለች። ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ትዞራለች፣ እስክትተዋቸው ድረስም አትጥልም። ከፈረንጅ እንቁላል ጣዮች ላይ ግን ይህ ጠባይ በምርጫ እርባታ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ብዙ የምትጥለው አትታቀፍም፣ የምትታቀፈው ብዙ አትጥልም። ስለዚህ በእኔ እምነት ጥቂት ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁለት ሦስት የሀበሻ ዶሮ ከግቢው ማጣት የለበትም። ለእንቁላሏ ሳይሆን ለእናትነቷ ይያዛት። ማሽን ሊፈለፍል ይችላል፣ ጫጩት ማሳደግ ግን አይችልም።

መታቀፍ የፈለገች ዶሮ ታስታውቃለች። ሌሊቱንም ጎጆዋ ላይ ታድራለች፣ ወደ ቆጥ አትወጣም። እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች። የደረቷን ላባ ትነጫለች፣ ባዶው ቆዳዋ እንቁላሉን እንዲነካው ነው። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ወጥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትልቅና የሚከረፋ ኩስ ጥላ ትመለሳለች። መታቀፏን ያልፈለጉ እናቶች ጎረቤት ወስደው ያሳድሯታል ወይም ውኃ ውስጥ ይነክሯታል። ቁልቁል የሚያንጠለጥሏትም አሉ፤ ይሄኛው ቢቀር ጥሩ ነው። እንቁላሉን ማንሳትና ሌላ ቦታ ማሳደር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለመካከለኛ የሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። የፈረንጅ እንቁላል ትልቅ ስለሆነ ቁጥሩ ከዚያም ይቀንስ። ቅርጫት ወይም አሮጌ ሳፋ ውስጥ ጭድ አንጥፎ ጨለም ያለና ሌላ ዶሮ የማይደርስበት ጥግ ማስቀመጥ ነው። እንቁላሉ ከአውራ ዶሮ ጋር ከምትውል ዶሮ የተጣለ መሆን አለበት። ከሱቅ የሚገዛው የእርባታ እንቁላል አብዛኛው አውራ ከሌለበት ቤት ስለሚመጣ አይፈለፈልም። ሳሶና ቦቫንስ ከሚባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች የሚገኘው ጫጩትም እንደ እናቱ አይወጣም፣ እነሱ ራሳቸው የድቅል ውጤት ናቸው። እንቁላሉ ከሳምንት በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው። እስኪታቀፍ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማስታቀፍ ያስፈልጋል። ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ እናቲቱ ተነስታ ትሄድና የቀሩት ይበርዳቸዋል።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በስልክ መብራት ማየት ይቻላል። ሕይወት ያለው ቀያይ የደም ሥር ይታይበታል። ጥርት ያለው ባዶ ነው፣ ይነሳ። ካልተነሳ ገምቶ ሊፈነዳና ሌላውንም ሊበክል ይችላል።

ሃያኛው ቀን አካባቢ የሚሆነውን ጆሮ ቀርቦ ቢሰማው ደስ ይላል። ጫጩቱ ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ጭው ጭው ይላል። እናቲቱም በዝቅተኛ ድምፅ ትመልስለታለች። ከመውጣቱ በፊት ይተዋወቃሉ ማለት ነው። ቅርፊቱን መጀመሪያ ከወጋበት እስኪወጣ ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። አስኳሉን ወደ ሆዱ ስቦ የሚጨርሰውም በዚህ ጊዜ አካባቢ ነው። አዝኖ ቅርፊት የሚልጥለት ሰው ደም ያፈስበታል። መተው ነው። አስኳሉ ሁለት ቀን ያህል ስለሚያቆየው ምግብ ዘገየበት ብሎ መጨነቅም አያስፈልግም።

መፈልፈያ ማሽን ለሚጠቀም ደግሞ የአዲስ አበባ ከፍታ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ እርጥበት ከእንቁላሉ ቶሎ ይወጣል፣ ኦክስጅኑም ያንሳል። ጫጩቱ በደረቀ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የውኃው ዕቃ አይድረቅ፣ የአየር ቀዳዳውም አይደፈን። ማራገቢያ ላለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥበቱ ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 በላይ ይሁን። እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፣ ከ18ኛው ቀን በኋላ አይነካም። ከቆላ የመጣ እንቁላል ደጋ ላይ የመፈልፈል ዕድሉ ስለሚቀንስ እዚሁ የተጣለውን መምረጥ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳይከፍቱ በብርድ ልብስ መሸፈንና ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ አጠገቡ ማድረግ ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል።

ከተፈለፈለ በኋላ የሚሞተው ጫጩት ሳይፈለፈል ከሚቀረው ሊበልጥ ይችላል። ብርድ አለ፣ ጭልፊት አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ተቋም ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ጎረቤት አዋጥቶ በአንድ ቀን ማስከተብ ያዋጣል፣ የተበጠበጠ ክትባት ለነገ አይቀመጥም። የመጀመሪያው በዓይን ይንጠባጠባል፣ የሚቀጥለው በመጠጥ ውኃ ሊሰጥ ይችላል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ግን ክትባቱን ይገድለዋል።

ወደ መንጋው ስንመጣ፣ ዶሮዎች መካከል ማን ማንን እንደሚቀድም የታወቀ ነው። ኖርዌያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሽየልዴሩፕ-ኤበ ይህን የመነቋቆር ተራ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጽፎታል። ማታ ቆጡ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ሳያነብም ይገባዋል። የበላይዋ ጥሩውን ቦታ ትይዛለች፣ የበታቿ ከተጠጋች ትነቆራለች። ተራው አንዴ ከታወቀ ሰላም ነው። የሚበጠበጠው አዲስ ዶሮ ሲገባ ነው።

ስለዚህ ከሾላም ሆነ ከሌላ ገበያ የተገዛች ዶሮ በቀጥታ አትቀላቀልም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፣ በሽታ ይዛ ከሆነ ይታወቃል። ቀጥሎ በሽቦ ተለይታ ለጥቂት ቀን እየተያዩ ይዋሉ። ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ሆነው ቢገቡ ጥቃቱ ይከፋፈልላቸዋል። መብያው በሁለት ቦታ ይሁን፣ ያለዚያ ደካማዋ ጾሟን ትውላለች። አንዷ ከደማች ወዲያው ትለይ። ዶሮ ደም ካየ አይተውም።

ጫጩቶችን ከመንጋው ጋር የምታስማማው ደግሞ እናታቸው ናት። የሀበሻዋ ልጆቿን ይዛ ስትወጣ አውራውም ቢሆን መንገድ ይለቅላታል። ጫጩቶቹ ከሥሯ ሆነው ማንን መሸሽ እንዳለባቸው ይማራሉ። በማሽን የተፈለፈሉት ይህ ስለማይኖራቸው ጠንከር እስኪሉ ድረስ ለብቻቸው ማደግ አለባቸው።

ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃዋል። አውራው ሲበዛ ሴቶቹ ጀርባቸው ይላጣል፣ ወንዶቹም ይዋጋሉ። ትርፉን ለበዓል ማውጣት የተለመደ ነው። በመስከረም መጀመሪያ ያስታቀፈ ሰው ወሩ ሳያልቅ ጫጩት ያያል። ፋሲካ ሲደርስ ወንዶቹ ስድስት ወር አልፏቸዋል፣ ለገበያም ደርሰዋል።