«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»፦ አባባሉ እና የሪክዉድ ሜዳ

ከአትላንታ ወደ ዳላስ በመኪና የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ነው። ኢንተርስቴት 20ን ይዞ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ እንደነዳ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ይደርሳል። አብዛኛው ሰው ነዳጅ ሞልቶ፣ ቡና ጠጥቶ ያልፋል። እኔ ግን ሪክዉድ ፊልድ የሚባለው አሮጌ የቤዝቦል ሜዳ ጎራ በሉ እላለሁ። የጨዋታ ቀን ከገጠማችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ቤዝቦል እዩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው አባባላችን እዚያ ሜዳ ላይ ታሪክ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

አባባሉ ከገጠር የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል። ዶሮ ሲጮህ የተነሳ መንገደኛ ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ ከቤቱ ይወጣል። ከፊቱ የቆመው ነገር ቁጥቋጦ ይሁን ጅብ አይለይም። ጥቂት ቆይቶ ዐይን ለዐይን መተያየት ሲጀመር ቁጥቋጦውም ቁጥቋጦ፣ ጅቡም ጅብ ይሆናል። ነገሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያው ነበር። የጎደለው ብርሃን ብቻ ነው።

ዛሬ የምንሰማው ስሙ በሐሰት የጠፋ ሰው ሲጽናና፣ ወይም ሽማግሌ ፊት ክርክር ሲከር ነው። «ተወው ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ እናቶቻችን። ደስ የሚል ማጽናኛ ነው። አንዳንዱ ግን የተበደለውን ዝም ለማሰኘት ይጠቀምበታል። አፍህን ይዘህ ተቀመጥ፣ ጊዜ ራሱ ያወጣዋል ለማለት። በዚህ አልስማማም።

ሪክዉድ የተከፈተው ኦገስት 18 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ቆመው ካሉት የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቤዝቦል ሜዳዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። ያሠራው ሪክ ዉድዋርድ የሚባል የብረት ኢንዱስትሪ ባለሀብት ሲሆን፣ የሜዳው ስምም ከእሱ ስም የተቆረጠ ነው። ሜዳው ሁለት ቡድን ነበረው፤ የነጮቹ ባሮንስና የጥቁሮቹ ብላክ ባሮንስ። ባሮንስ ሲጫወቱ ጥቁር ተመልካች በቀኝ በኩል ለብቻው በተከለለ መደዳ ይቀመጣል። ብላክ ባሮንስ ሲጫወቱ ደግሞ በዚያው መደዳ የሚቀመጠው ነጭ ነው። ሳሩ አንድ፣ ኳሱ አንድ፣ ግን አብሮ መጫወት ክልክል። ከተማው በ1950 ጥቁርና ነጭ አብረው ቤዝቦል እንዳይጫወቱ በሕግ ጽፎ ከልክሏል። አንድ ሰው ገበታ ዘርግቶ ዳማ እንኳ ከሌላ ዘር ጋር መጫወት አይችልም ነበር።

በ1948 ብላክ ባሮንስ ውስጥ አንድ የሃይስኩል ተማሪ ተሰለፈ። ዊሊ ሜይስ ይባላል። በኋላ ከቤዝቦል ታላላቆች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ያኔ የመታቸው ኳሶች ግን በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ መዝገብ አልተቆጠሩለትም። የጥቁሮቹ ሊግ «ሜጀር» አይደለም ተብሏላ! የጥቁሮቹ ሊግ ኮከብ ጆሽ ጊብሰንም እንዲሁ። ጊብሰን በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። የዘር ክልከላውን የሰበረው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ሜጀር ሊግ የገባው ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ ነው።

ታዲያ እውነቱ የት ነበር? ጋዜጣ ላይ። ፒትስበርግ ኩሪየር እና ቺካጎ ዲፌንደርን የመሳሰሉ የጥቁሮች ጋዜጦች የጨዋታዎቹን ውጤት ያወጡ ነበር። ተመራማሪዎች እነዚያን የደበዘዙ ገጾች ለአሥርት ዓመታት አንድ በአንድ አገላበጡ። ማን መታ፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሜዳ ብለው ቆጠሩ። በሜይ 2024 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ2,300 በላይ ተጫዋቾችን ውጤት መዝገቡ ውስጥ አስገባ። የጊብሰን የምት አማካይ 0.372 ሆኖ እስከዚያ ድረስ አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን በለጠ። በ1,000 ሙከራ 372 ጊዜ ይሳካለታል እንደ ማለት ነው። ለሜይስም የ1948ቱ 10 ምቶች ተጨመሩለትና 3,293 ደረሱ።

አባባሉን የማነበው እንዲህ ነው። ሌሊቱ በራሱ ይነጋል፣ እውነት ግን ቆጣሪ ይፈልጋል። ለዚህ ነው «እያደር» ስንል ዝም ብሎ መቀመጥን መጨመር የለብንም የምለው። ማስረጃ ያላችሁ ያዙት፣ ያያችሁትን ጻፉት።

በ2024 ጁን ወር ሜጀር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪክዉድ ላይ መደበኛ ጨዋታ አዘጋጀ። ሜይስ ከጨዋታው ሁለት ቀን አስቀድሞ በ93 ዓመቱ አረፈ። ወሬው ሲደርስ ሪክዉድ ላይ ሌላ ጨዋታ እየተካሄደ ነበር፤ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። በጁን 20 የሴንት ሉዊስ ቡድን ካርዲናልስ የሳን ፍራንሲስኮውን ጃያንትስ 6 ለ 5 አሸነፈ።

የዚያን ቀን ግን ከውጤቱ በላይ ያስደነቀኝ የቀድሞው ጥቁር የቤዝቦል ኮከብ ሬጂ ጃክሰን ነው። በ1967 በዚህችው ከተማ ተጫውቷል። ያን ጊዜ 78 ዓመቱ ነበር። በቴሌቪዥን ፊት መመለሱ እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚጠብቀውን የናፍቆት ወሬ አላወራም። ምግብ ቤትና ሆቴል እንዴት እንዳባረሩት፣ የሚያድርበትን ቤት እናቃጥላለን ብለው እንደዛቱ፣ እሱ ካልበላ ማንም አይበላም ይል የነበረው አሰልጣኝ ማን እንደነበረ ተናገረ። ጆን ማክናማራ ነበር። ጃክሰን ስሙን ጠርቶ አመሰገነው።