ቼክ ኢንጂን በርቶ «ሊን» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ መኪና የያዘ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ቢጫዋ የሞተር ምልክት ትበራለች። ጋራዥ ይገባል። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ) ይሰካል፤ «ፒ0171፣ ሊን ነው» ይባላል። ሊን ማለት አየሩ በዝቶ ነዳጁ ያነሰበት ድብልቅ ነው። ወዲያው የአንድ መለዋወጫ ስም ይጠራል። ዕቃው ተገዝቶ ይገጠማል፣ መብራቷ ትጠፋለች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳ ትበራለች። በዚህ መሃል የሚወጣው ገንዘብ ያንገበግባል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ላይ ነው።

ኮዱ የሚለው ነገር ቀላል ነው። የቤንዚን ሞተር 1 ግራም ቤንዚን በትክክል ለማቃጠል 14.7 ግራም አየር ገደማ ይፈልጋል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የተረፈ ኦክስጅን ሲያገኝ፣ ኮምፒዩተሩ አየር በዝቷል ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። አሁንም ካልበቃ ይጨምራል። የመጨመሪያው ወሰን ላይ ሲደርስ መብራቱን ያበራል። ባለ ቪ ሞተር ከሆነ ለሁለተኛው ረድፍ ሲሊንደር ፒ0174 የሚል አለ። ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይነግራችሁም።

«ሊን ካለ የኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል»

ብዙ ብር የሚበላው ይሄኛው ነው። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ ምን አጠፋ? ትኩሳት አለህ ያለን ቴርሞሜትር እንደ መጣል ነው። ሴንሰሩ ራሱ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ኮድ አለው፤ ለምሳሌ ማሞቂያው ሲቃጠል ፒ0135 ይመጣል። አዎ፣ አንዳንዴ አርጅቶ በስህተት ሊን የሚል ሴንሰር ያጋጥማል። ግን ሳይገዙ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ አየር ማስገቢያው ላይ ትንሽ የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫል። የሴንሰሩ ንባብ ፈጥኖ ወደ ሪች፣ ማለትም ነዳጅ ወደ በዛበት ድብልቅ፣ ከዞረ ይሠራል፤ አትንኩት።

«ሊን ማለት ነዳጅ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፖምፓ ይቀየር»

ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም መንገድ አለ፦ ነዳጁ በቂ ሆኖ ሳለ ያልተለካ አየር በጎን ሲገባ። ሁለቱ ያው አንድ ኮድ ነው የሚያመጡት። የሚለያቸው ቁጥር ስካነሩ ውስጥ አለ፤ «ፊውል ትሪም» ይባላል። ኮምፒዩተሩ ስንት በመቶ ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ አለው፤ ሁለቱ ተደምረው ነው የሚነበቡት። ከዜሮ እስከ 10 በላይም ሆነ በታች ቢሆን ብዙ አያስጨንቅም። ከ20 ካለፈ ግን ነገር አለ።

ንባቡ ሁለት ቦታ ይወሰዳል። አንደኛው በሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ተነስቶ ቤንዚን ሳይረገጥ። ሁለተኛው ቤንዚን ተረግጦ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ተይዞ።

አንዲት ከአጋሮ የመጣች ኮሮላ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቷ ፖምፓ እንዲቀየርለት ወስኖ ነበር የመጣው። በሚኒሞ የሁለቱ ድምር 24 ነበር። 2,500 ዙር ላይ ስንይዛት ወደ 6 ወረደ። ይህ የአየር ማፍሰስ ምልክት ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቅ የሚገባው ትንሽ አየር ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ብዙ አየር ሲሳብ ግን ያው ስንጥቅ ከቁጥር አይገባም። የደከመ ፖምፓ ግን ተቃራኒ ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ቆይቶ፣ ጫና ሲመጣ ነው የሚያሳጣችሁ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ከግቤ በረሃ የሚያወጣውን አቀበት ስትይዙ ጉልበት ከከዳችሁ፣ ያኔ የነዳጅ ግፊት ይለካ። ፊልትሮውም ይታይ።

የኮሮላዋን ኮፈን ከፍተን በእጅ መፈለግ ጀመርን። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ጎማ እጥፋቶች አሉት። ከላይ ሲታይ ደህና ነበር። ከሥር በኩል እጥፋቱን ለቀቅ አድርገን ስንዘረጋው ግን ጥፍር የምታክል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ፖምፓው ምንም አልነበረበትም።

እናንተም የምታዩዋቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም፦ ይህ ጎማ፣ የሞተሩን ውስጥ ጭስ ወደ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል) የሚመልሰው ቀጭን ቱቦ፣ ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ፣ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። ጓርኒሲዮን ሲደርቅ ጠዋት በብርድ ያፈስና ሞተሩ ሲሞቅ ሊደብቀው ይችላል። ስለዚህ መኪናዋ አድራ ሳለ ማየቱ ይሻላል። በካርቡሬተር ማጽጃ ረጭቶ የሞተር ዙር ሲለወጥ መስማት የተለመደ ነው፤ ግን በጣም ተቀጣጣይ ነገር ስለሆነ የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ አደራ እንዳትረጩ። ጭስ አስገብቶ የሚፈትሽ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ እሱ ይበልጣል።

«ጅማ ከፍታ ስለሆነ ነው»

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ እውነት ነው። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ድብልቁ የሚያዘነብለው ወደ ሪች ነው፤ ወደ ሊን አይደለም። የድሮ ካርቡሬተር ያላቸው መኪኖች ደጋ ሲወጡ ጥቁር ጭስ የሚያወጡት ለዚህ ነው። የዛሬዎቹ ደግሞ የአየሩን መጠን ወይም ግፊት ለክተው ራሳቸው ያስተካክላሉ። ከአዲስ አበባ ተነስታ፣ ግቤ ወርዳ፣ ጅማ የወጣች ደህና መኪና መብራት አታበራም። ከፍታን ሰበብ አድርጎ የሚሸኛችሁ ካለ ሌላ ሰው ጠይቁ።

«የጀሪካን ቤንዚን ነው ጉዱ»

ቤንዚን ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ወይም በሃይላንድ መግዛት የማናውቀው ነገር አይደለም። ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተር ያንቀጠቅጣል፣ ማስነሳት ያስቸግራል። ኮድም ሊያመጣ ይችላል። ግን ጊዜውን ተመልከቱ። በነዳጁ ከሆነ ችግሩ የሚጀምረው ከሞላችሁ በኋላ ወዲያው ነው። ሦስቴ ነዳጅ ተቀይሮም መብራቱ ካለ፣ ቤንዚኑን መውቀስ ይብቃ። ከተጠራጠራችሁ ጥቂት ቀድታችሁ ንጹህ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃ ካለው ከሥር ይቀመጣል።

«የአየር ሴንሰሩን በቤንዚን አጥቦ መመለስ ነው»

ይህን ሥራ ሲሠራ ማየት ያመኛል። በበጋ የቡና ለቀማ ወቅት የገጠሩ መንገድ አቧራ ብቻ ነው። ፊልትሮው በኮምፕሬሰር ሲነፋ ሲነፋ ይቀደድና አቧራው አልፎ የአየር መለኪያው ሴንሰር ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩ ያኔ ከገባው አየር ያነሰ ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም ነዳጁን በዚያው ልክ ያሳንሳል። ይህ ከባድ ጫና ላይ ጎልቶ ይታያል። ማጽዳቱ ልክ ነው፤ አጸዳዱ ነው ጥፋቱ። ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር የማይወፍር ነው። በጨርቅ ሲነካ ይበጠሳል፣ በኮምፕሬሰር አየርም ይጎዳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃ አለ። ረጭቶ፣ ሳይነኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መመለስ። ፊልትሮውንም ቀይሩ፤ ከሴንሰሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው።

«ጭስ ማውጫ ቢቀደድ ድምፅ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም»

ቀዳዳው ከፊተኛው የኦክስጅን ሴንሰር በፊት ከሆነ የውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ ሊን ይላል፤ ኮምፒዩተሩም በከንቱ ነዳጅ ያፈሳል። ካታላይዘር (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጽጃ) አስቆርጣችሁ በብየዳ ያስቀጠላችሁ፣ መገጣጠሚያውን አስፈትሹ።

«ሊን ከሆነ ነዳጅ ይቆጥብልኛል»

አይቆጥብም። ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን ለመሙላት ነዳጅ እየጨመረ ነው ያለው። አቅሙ ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ መሳት፣ ማለትም ማቃጠል እየዘለለ መሥራት ይጀምራል። መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታላይዘሩን እየጎዳ ነው፤ ዳር ይዛችሁ አቁሙ።

«ባትሪ ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው፣ ይጠፋል»

መብራቱ ይጠፋል። አብሮት ግን ኮዱ ሲመጣ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደሞቀ የተመዘገበው ሁሉ ይጠፋል። ለመካኒኩ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነበር። መጀመሪያ ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ አጥፉ። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ሻጭ ጠዋት ኮድ አጥፍቶ ከሰዓት ሊያሳያችሁ ይችላል። ስካነሩ ላይ መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽበት ዝርዝር አብዛኛው «አልተጠናቀቀም» ካለ በቅርቡ ተሰርዟል ማለት ነው።

«መብራቱ ከጠፋ ተሠርቷል»

ከጥገና በኋላ ኮዱ ይሰረዝና መኪናዋ መንገድ ትውጣ። ጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ ይበቃል፤ አቀበትም ቁልቁለትም አለው። ስትመለሱ በሚኒሞና በ2,500 ዙር ፊውል ትሪሙን እንደገና አንብቡ። ከ10 በታች ከሆነ ሂሳብ ክፈሉ። 18 ላይ ከሆነ መብራቱ ባይበራም ያልተገኘ ነገር አለ፤ መኪናዋን ሳትወስዱ ለመካኒኩ ቁጥሩን አሳዩት።