ሁኢዝ «አንዴ ከሠራ ሠራ» አይደለም

ሊኑክስ የሚነካካ ሰው ሁኢዝን ያውቀዋል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሁኢዝ (whois) ብላችሁ የዶሜይን ስም፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ፣ ትጨምራላችሁ፤ መቼ እንደተመዘገበ፣ በማን በኩል እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያበቃ ይነግራችኋል። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ1999 ማርኮ ዲትሪ የጀመረው ነው። ኮዱ ክፍት ነው። ትንሽ ስለሆነ ግን ብዙ ያልሆነ ነገር ይወራበታል።

«ሁሉም ዶሜይን ያለበት አንድ ዳታቤዝ አለ»

የለም። ዶት ኮም ቬሪሳይን የተባለ መዝጋቢ ድርጅት ጋ ነው፣ የጀርመኑ ዶት ዲኢ ዴኒክ ጋ። የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ሁኢዝ የሚያውቀው ውስጡ ካለው ዝርዝር ነው። «የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተባብረው አያና (IANA) ሰርቨሩን ይነግረው የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አድራሻውን ይነግረዋል፤ ጠባዩን ግን አይነግረውም። ዴኒክ የተሟላ መልስ እንዲሰጥ ከስሙ በፊት የራሱ ምልክት ይፈልጋል። የጃፓኑ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲመልስ ከስሙ በኋላ ሌላ ምልክት ይጨመርለታል። ፕሮቶኮሉ (ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት ደንብ) ራሱ በፖርት 43 ጥያቄ ላክ፣ ጽሑፍ ተቀበል ከማለት ብዙም አያልፍም። ሌላውን ሁሉ እያንዳንዱ መዝጋቢ እንደመሰለው አደረገው።

«አንዴ ከሠራ ሠራ ነው፤ ምን ይነካካል?»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የዶት ሞቢ ሁኢዝ ሰርቨር ወደ አዲስ አድራሻ ከተዛወረ በኋላ የድሮው ዶሜይን ሳይታደስ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዋችታወር የተባለ የደኅንነት ድርጅት በ20 ዶላር ገዛውና ሰርቨር ተከለበት። በቀናት ውስጥ ከ135,000 በላይ ሲስተሞች መጥተው ጠየቁት፤ ጥያቄው ከ2 ሚሊዮን አለፈ። ከጠያቂዎቹ መካከል የድረ ገጽን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት የሚሰጡ ድርጅቶችም ነበሩበት። እነሱ በዚያን ጊዜ ማረጋገጫ የሚልኩበትን የዶሜይኑን ባለቤት ኢሜይል ከሁኢዝ ያነቡ ነበር። ሰርቨሩ በሌባ እጅ ቢሆን ኖሮ የራሱን ኢሜይል ጽፎ በሰው ዶሜይን ሰርተፍኬት ማውጣት ይችል ነበር።

የማንም ፕሮግራም አልተበላሸም። ሰርቨሮቹ ከተጻፉበት ዝርዝር አንድ መስመር አረጀ፣ በቃ። ስለዚህ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ሁኢዝን ማዘመን አትርሱ። ዲስትሪቢውሽናችሁ (የምትጠቀሙበት የሊኑክስ ዓይነት) ከዘገየ ኢቲሲ (/etc) ፎልደር ውስጥ በሚቀመጠው የሁኢዝ ኮንፊግ ፋይል ትክክለኛውን ሰርቨር ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

«አርዳፕ መጥቷል፤ ሁኢዝ ይጣል»

አርዳፕ (RDAP) ሁኢዝን እንዲተካ የወጣ አዲስ ፕሮቶኮል ነው፤ በእርግጥ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደረጃው ወጣ፤ በተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ ይሄዳል፣ መልሱን ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው በጄሰን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 መጨረሻ ጀምሮም እንደ ዶት ኮም ያሉትን አጠቃላይ ዶሜይኖች የያዙ መዝጋቢዎች በውላቸው ሁኢዝን የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም። የአገር ዶሜይኖች ግን በዚያ ውል አይታሰሩም፤ ዛሬም በፖርት 43 ብቻ የሚመልሱ አሉ። ደህና ቱል መጀመሪያ አርዳፕን ይሞክራል፣ ካልሆነለት ወደ ሁኢዝ ይመለሳል።

«የባለቤቱ ስም አይታይም፤ ቱሉ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ መዝጋቢዎቹ ራሳቸው ይደብቁታል። ለሜንቴነሩ (ፕሮግራሙን ለሚንከባከበው ሰው) ባግ (ስህተት) አለ ብላችሁ አትላኩ።

«ሲ ፕሮግራሚንግ ካልቻልኩ ምንም አላግዝም»

ሁኢዝ ውስጥ ያለው የሰርቨሮች ዝርዝር ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በአንድ በኩል የዶሜይኑ ጫፍ፣ በሌላው ሰርቨሩ። አገራችሁ ወይም የምትጠቀሙበት መዝጋቢ አድራሻ ከቀየረ እናንተ ከሜንቴነሩ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። መስመሩን አስተካክላችሁ ላኩ። ግን «አይሠራም» ብቻ አትበሉ፤ የትኛውን ስም እንደጠየቃችሁ፣ የድሮውና አዲሱ ሰርቨር ምን እንደመለሱ፣ መዝጋቢው ለውጡን የገለጸበትን ገጽ ጨምሩበት። ከሞቢው ጉድ በኋላ ማንም ሜንቴነር አዲስ አድራሻን በቃል ብቻ አምኖ መቀበል የለበትም።