ኤርነስት ባርላኽ፦ ሐውልቶቹ የተነቀሉበት ቀራፂ

ኤርነስት ባርላኽ (1870–1938 እ.ኤ.አ.) በሰሜን ጀርመን፣ ሃምቡርግ አጠገብ ባለችው ቬደል የተወለደ ቀራፂ ነው፤ ተውኔትም ይጽፍ ነበር። በ1906 ሩሲያ ሄዶ ያያቸው ለማኞችና ገበሬዎች ከዓይኑ አልጠፉም። ከዚያ ወዲህ የቀረጻቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወፍራም ካባ የደረቡ፣ ግዙፍና ዝምተኛ ናቸው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንደ ብዙ የአገሩ ሰዎች ደግፎ ነበር። ለጥቂት ወራት ከዘመተ በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠ፤ ለሙታን መታሰቢያ እንዲሠራ ሲጠየቅም ጀግና አልቀረጸም።

ከሁሉም የሚታወቀው በ1927 ጉስትሮ ከተማ ካቴድራል ውስጥ የተሰቀለው የነሐስ መልአክ ነው። ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከጣሪያው በወረደ ብረት ተንጠልጥሎ፣ ሰውነቱን እንደ ጣውላ ዘርግቶ በአየር ላይ ተኝቷል። ክንፍ የለውም። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል፣ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ፊቱ የሠዓሊዋን የኬተ ኮልቪትስን ይመስላል፤ ባርላኽ ራሱ ሳላስበው መጣብኝ ብሏል። ኮልቪትስ ልጇን በዚያው ጦርነት ያጣች እናት ስለነበረች ግን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

በማግደቡርግ ካቴድራል የቆመው የእንጨት ሥራው የበለጠ ይጎመዝዛል። ከሦስት ወታደሮች እግር ሥር የራስ ቁር የደፋ አፅም፣ ፊቷን የሸፈነች ሴትና ራሱን በሁለት እጁ የያዘ ሰው አሉ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ይህን የመሰለ መታሰቢያ አልወደዱም፤ የማግደቡርጉ በ1934፣ መልአኩ ደግሞ በ1937 ተነሡ። በኪል ከተማ የቆመው ሐውልቱም በዚያው ዓመት ተነቀለ። ባርላኽ በቀጣዩ ዓመት ሮስቶክ ውስጥ ሞተ፤ መልአኩም ቀልጦ ለጦር መሣሪያ ዋለ።

ወዳጆቹ ግን አርፈው አልተቀመጡም። በተረፈው የነሐስ ማፍሰሻ ቅርጽ በምስጢር ሁለተኛ መልአክ አሠርተው ሉነቡርግ አካባቢ ባለ መንደር ደበቁት። ይህ ቅጂ ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመኗ ኮሎኝ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ተሰቀለ። ጉስትሮ ያኔ በምሥራቅ ጀርመን እጅ ብትሆንም ከኮሎኙ ሦስተኛ ቅጂ ተወስዶ በ1953 ተላከላት። በታኅሣሥ 1981 የምዕራቡ መራሔ መንግሥት ሄልሙት ሽሚትና የምሥራቁ መሪ ኤሪኽ ሆነከር ካቴድራሉን አብረው ሲጎበኙ፣ በላያቸው ተንጠልጥሎ የነበረው ይኸው ከወዲያኛው ጀርመን የመጣው መልአክ ነው።