ዎክ ክዳን ስለሌለው ጎዶሎ አይደለም

ምግብ ማብሰል ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ «የገዛሁት ዎክ ክዳን የለውም፤ ሻጩ አጭበርብሮኛል» የሚል ተማሪ ያልገጠመኝ ጊዜ የለም። ጥያቄ ቢሆን ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። የሚያናድደኝ እርግጠኝነቱ ነው።

ማንም አላጭበረበረም። ዎክ የሚባለው የቻይናውያን ጎድጓዳ መጥበሻ ዋና ሥራው በኃይለኛ እሳት ላይ ፋታ ሳይሰጡ እያገላበጡ መጥበስ ነው። ብረቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ውሃ ግን በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከአትክልቱ የሚወጣው ውሃ ወዲያው ተንኖ ካልሄደ ምግቡ በዚያው በ100 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል፤ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ክዳን ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ መልሶ ያንጠባጥበዋል።

«ቶሎ እንዲበስልልኝ ነው የከደንኩት» ያለችኝ ተማሪ ነበረች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስትከፍተው ብሮኮሊው አረንጓዴነቱ ደብዝዞ በውሃ ውስጥ ተኝቷል። የተረፈውን ግማሽ ሳትከድን እንድትጠብስ አደረግኋት፤ ጠርዙ ቡናማ ሆነ፣ ግንዱ ሲነከስ ቀጭ አለ። እሳቱም ዘይቱም ያው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ክዳን አልጠየቀችኝም።

«እንግዲያው ዎክ ጨርሶ አይከደንም» የሚሉም አሉ፤ ይህም ስህተት ነው። በቻይና የእንጨትና የአሉሚኒየም ክዳኖች አሉ፤ በመረቅ ቀስ ብሎ ለሚበስል ሥጋ፣ በእንፋሎት ለሚበስልና በጭስ ለሚታጠን ምግብ ያስፈልጋሉ። ዎክ ላይ በሚቀመጥ የቀርከሃ የእንፋሎት ማብሰያ የሚያበስል ሰው ግን ማብሰያው የራሱ ክዳን ስላለው ሌላ አያሻውም። ለዚህ ነው የዎክ ክዳን ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚሸጠው።

«36 ሴንቲሜትር ለሆነ ዎክ 36 ሴንቲሜትር ክዳን» የሚባለውም አያዋጣም። የዎክ ክዳን ከንፈሩ ላይ ሳይሆን ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ ውስጡ ስለሚቀመጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ማነስ አለበት። ጉልላት ቅርጽ ያለውን ይምረጡ፤ ከጠፍጣፋው የሚንጠባጠበው ውሃ ቀጥታ ምግቡ ላይ ሲወርድ ከጉልላቱ ግን በጎንና በጎን ይፈስሳል።

ዎኩን ከድኖ ማስቀመጥ ከዝገት ይከላከላል? እርጥበት ካለው ጭራሽ ያዝገዋል።

እኔ ሳልከድን ብጠብስም አንድ የብረት ክዳን ከአጠገቤ አይጠፋም። ዘይቱ በእሳት ከተያያዘ ውሃ በፍጹም አይድፉበት። ምድጃውን ያጥፉ፣ ክዳኑን ከጎን አንሸራተው ይግጠሙት፣ በደንብ እስኪቀዘቅዝም አይክፈቱት።